ዜሮ ዓመት፦ የራያ ቆቦ ተመራቂዎችና የመጀመሪያው የቴክኖሎጂ ሥራ

የሥራ ማስታወቂያ የሚያነብ አዲስ ተመራቂ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው «የሥራ ልምድ» በሚለው ረድፍ ላይ ነው። «0 ዓመት» የሚል ካየ ማንበቡን ይቀጥላል፤ «2 ዓመትና ከዚያ በላይ» የሚል ካየ ወደሚቀጥለው ያልፋል። «ዜሮ ዓመት ወጥቷል!» የምትል መልእክት በቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዞር ማብራሪያ አያሻትም። የደረሰችው ሁሉ ሲቪውን አስተካክሎ ለመላክ ይሯሯጣል።

ለቆቦ ልጅ ግን ሌላም የምትታይ ረድፍ አለች፤ «የሥራ ቦታ፦ አዲስ አበባ» የምትለው። ቆቦ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወልዲያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይታያሉ፤ ዙሪያው የማሽላና የጤፍ፣ የከብትና የግመል አገር ነው። ዋና ከተማዋ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የሶፍትዌር ኩባንያዎቹ፣ የባንኮቹ ዋና መሥሪያ ቤቶችና የቴክኖሎጂ ማዕከላቱ ያሉት ደግሞ እዚያው ነው።

ታዲያ የኮምፒውተር ሳይንስ ወይም የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዲግሪ ይዞ ወደ ራያ ሜዳ የተመለሰ ወጣት የመጀመሪያ ሥራውን ከየት ያገኛል? ከዲግሪው ጋር ስሙ በገጠመ ማስታወቂያ የሚቀጠሩ አሉ፤ ጥቂቶች ናቸው። በወረዳ ከተማ ያለው የቴክኖሎጂ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሥራ ስም ይዞ በሆስፒታሉ፣ በፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ፣ በእርዳታ ድርጅቱና በስልክ ቤቱ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል።

ዲግሪው እንዴት በዛ?

በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ሥራ ፍለጋ አይወጣም ነበር፤ መንግሥት ይመድበዋል። ተመራቂው ጥቂት፣ ቀጣሪውም አንድ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያ አሠራር ለአብዛኞቹ ሙያዎች ቀረ። በ2000ዎቹ ዓመታት ደግሞ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማሩ ወሰነ። አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችም በየአቅጣጫው ተከፈቱ።

ቆቦ ለምትገኝበት ለሰሜን ወሎ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2004 ዓ.ም. ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር ነው። በደቡብ በኩል ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከደሴ ግቢው ሌላ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ይዟል፤ በሰሜን ደግሞ ራያ ዩኒቨርሲቲ ማይጨው ላይ ተከፍቷል። የቆቦ ወላጅ ልጁን ለኮምፒውተር ትምህርት ጎንደር ወይም ሐዋሳ መላክ ግዴታው መሆኑ ቀረ።

ትምህርቱ ቀረበ፤ ሥራው ግን አብሮ አልቀረበም። በዚህ ላይ በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና መጣ። አንድ ተማሪ የኮርሶቹን ውጤት ቢያሟላም በብሔራዊ ፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካላገኘ አይመረቅም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በተሰጠው ፈተና ከተቀመጡት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ሲሆኑ፣ ይህም 40.65 በመቶ ነው። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62.37 በመቶ፣ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ደግሞ 17.2 በመቶ አለፉ። ከዚያ ወዲህ «ኤግዚት አለፍክ?» የሚለው ጥያቄ ከ«ስንት አመጣህ?» ቀድሞ የሚጠየቅ ሆኗል።

ያለፈው ተማሪም ዋናውን ዲግሪ ወዲያው አይይዝም። የወጪ መጋራት ዕዳው እስኪከፈል ድረስ የሚሰጠው ተመራቂዎች «ቴምፖ» የሚሉት ጊዜያዊ ዲግሪ ነው። ለአብዛኛው ጀማሪ ሥራ ቴምፖና የተማሪ ኮፒ በቂ ነው። እነዚህን ሳይዝ ከግቢ ወጥቶ ማስታወቂያ የደረሰበት ተመራቂ ግን ማመልከቻው በአምስት ቀን ሲዘጋ ወደ ወልዲያ ወይም ወደ ደሴ መመላለስ ይጠብቀዋል።

ሌላ ስም የያዙ ሥራዎች

በወረዳ ደረጃ የመጀመሪያውን የቴክኖሎጂ መደብ የፈጠረው ወረዳ ኔት የተባለው የመንግሥት መረብ ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተዘረጋው ይህ ሥርዓት የወረዳ አስተዳደሮችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በሳተላይት አገናኝቶ የቪዲዮ ስብሰባ እንዲያካሂዱ አስችሏል። መሣሪያውን የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ስለነበር «የአይሲቲ ባለሙያ» የሚል ወንበር በየወረዳው ተቀመጠ። ይህ ሰው ዛሬም አታሚ ይጠግናል፣ ቫይረስ ያጸዳል፣ ኬብል ይዘረጋል፣ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ የሂሳብ ሥርዓት ሲቆም ይጠራል። ፕሮግራም መጻፍ የተማረ ልጅ ሥራውን ሊንቀው ይችላል። ግን ለብዙ መሥሪያ ቤቶች ችግር ፈጥኖ መድረስን፣ ትዕግሥት ያጣ ተጠቃሚን ማረጋጋትንና ያለ መለዋወጫ መሥራትን የሚያስተምር ቦታ ነው።

ደመወዙም ከነበረበት ከፍ ብሏል። የፌዴራል መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ባወጣው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ጀማሪ ሠራተኛ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ እንደሚል አስታውቋል። ቆቦ ላይ ከቤተሰብ ጋር እየኖረ የሚሠራ ሰው በዚህ ገንዘብ ሊቆጥብ ይችላል። አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ግን ሂሳቡ ሌላ ነው።

ሁለተኛው በር ጤና ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ሚኒስቴር የመረጃ ሥርዓቱን በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በተሠራውና ዲኤችአይኤስ ቱ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ አድርጓል። ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ ስንት እናት እንደወለደች፣ ስንት ሕፃን እንደተከተበ፣ ስንት የወባ ታማሚ እንደታየ በየወሩ የሚያስገባው በዚያ ነው። እንደ ራያ ያለ የወባ ቆላ ውስጥ የሪፖርቱ መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ሥራ የሚይዙት የጤና መረጃ ባለሙያዎች ቢሆኑም ኮምፒውተሩን፣ መረቡንና የመረጃ ቋቱን የሚያውቅ ሰው ከጎናቸው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የእርዳታ ድርጅቶች ናቸው። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ ወደ አካባቢው የገቡ ድርጅቶች የተጎዱ ቤተሰቦችን የሚመዘግቡትና ጥናት የሚያካሂዱት በስልክና በታብሌት ነው። በብዛት የሚሠራበት ኮቦ ቱልቦክስ የተባለው መሣሪያ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ ጉዳዮች ማዕከል የተጀመረ ሲሆን፣ ኔትዎርክ በሌለበት መንደር መረጃ ሰብስቦ ኔትዎርክ ሲገኝ የሚልክ ነው። ቤት ለቤት እየዞረ የሚጠይቀው «ኢኑመሬተር» የቀን አበል ያገኛል፤ ሥራውም በጥቂት ሳምንት ያልቃል። መጠይቁን ራሱ መገንባት፣ የተሳሳተ መረጃ መለየትና ውጤቱን በሰንጠረዥና በካርታ ማሳየት የሚችል ግን ለሚቀጥለው ጥናት ይፈለጋል። በዚህ መንገድ ወደ «ዳታ ኦፊሰር» የሚደረሰው አንድ ደረጃ በመውጣት ነው። መጠይቅ መገንባት ከነፃ መማሪያዎች በአጭር ጊዜ የሚለመድ ክህሎት ነው።

ባንኮች ደግሞ በገፍ የሚቀጥሩት ለቅርንጫፍ ነው። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍሉ አዲስ አበባ ይሁን እንጂ ለቅርንጫፍ ጀማሪ መደብ ማስታወቂያ ሲወጣ የኮምፒውተር ተመራቂዎችንም የሚቀበሉ አሉ። የመመረቂያ ውጤት መነሻ ይቀመጣል፤ ለሴቶች ዝቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ከገቡ በኋላ ለውስጥ ሠራተኞች ብቻ የሚወጡ ማስታወቂያዎች አሉ። ከመስኮት ጀርባ ሆኖ ኤቲኤሙ ለምን እንደቆመ፣ የሞባይል ባንኪንጉ ደንበኛ የት ላይ እንደሚሳሳት ያየ ሰው ለእነዚያ መደቦች የሚያወራው ነገር አለው።

ከዚህ ሁሉ በታች የሚቆጠረው ግን በተግባር ብዙ ሰው የሚያሠራው የስልክ ቤት ነው። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም አገልግሎቱንና ኤም ፔሳን ካስገባ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። የሚጠግነው፣ የሚያስተካክለውና የሚያስረዳው ሰው በየገበያው አለ። በሐረር ተወልዳ በኋላ አይኮግ ላብስ በተባለው ኩባንያ የሕፃናት የኮዲንግ ሥልጠናዎችን የመራችው ቤተልሔም ደሴ ጅማሬዋ የአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነበር። ገና በዘጠኝ ዓመቷ ቪዲዮ እያቀናበረችና በደንበኞች ስልክ ላይ ሙዚቃ እየጫነች ገንዘብ ታገኝ እንደነበር ተናግራለች። ዲግሪ ይዞ ስልክ ቤት መቀመጥን እንደ ውድቀት የሚያዩ ወላጆች ይህን ታሪክ ቢሰሙት አይጎዳቸውም።

ልምድ የሚባለው ነገር

እነዚህ ሥራዎች ሁሉ አንድ ጥቅም አላቸው፤ ዜሮዋን ቁጥር ይቀይራሉ። የሚቀይሩት ግን ወረቀት ሲኖራቸው ነው። የኢትዮጵያ የሥራ ማስታወቂያዎች በግርጌያቸው ሁለት ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይወዳሉ። አንደኛው ልምዱ ከምረቃ በኋላ የተገኘ መሆን አለበት የሚል ነው። ሁለተኛው ከግል ድርጅት የሚቀርብ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይረጋገጥ የሚል ነው። በዘመድ ሱቅ ሁለት ዓመት ሠርቶ ግብር ያልተከፈለለት ልጅ በእነዚህ ማስታወቂያዎች ፊት አሁንም ዜሮ ዓመት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እዚህ ላይ ለጀማሪው ይጠቅማል። አሠሪው ሠራተኛው ሲለቅም ሆነ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። «ስድስት ወር በሙከራ፣ ያለ ደመወዝ» የሚል ቀጣሪ ያጋጠመው ተመራቂ ሕጉ ምን እንደሚል ቢያውቅ አይታለልም። ደብዳቤውንም ሥራ በለቀቀ በዓመቱ ሳይሆን ገና በሥራው ላይ እያለ ቢጠይቅ ይቀለዋል።

የሶፍትዌር ኩባንያዎች ደግሞ ወረቀቱን ከጠየቁ በኋላ «ምን ሠርተሃል?» ይላሉ። የመመረቂያ ፕሮጀክት አብዛኛውን ጊዜ መልስ አይሆንም፤ የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ወይም የተማሪዎች ምዝገባ ሥርዓት የሠራ ተማሪ በየዩኒቨርሲቲው ሞልቷል። ከአራት የቡድን አባላት ማን የትኛውን ክፍል እንደጻፈም አይታወቅም። ጠያቂው ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ እጩው ራሱ የጻፈውን ኮድና ከጓደኛው የተቀበለውን ይለያል።

ቆቦ ያለ ልጅ እዚህ ላይ የአዲስ አበባው ልጅ የሌለው ነገር አለው፤ በአጠገቡ ያልተነካ እውነተኛ ችግር። አንድ ምሳሌ እናስብ። የራያ ሽንኩርትና ቲማቲም በመኪና ተጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ነጋዴው ለገበሬው የሰጠውን ቅድሚያ ክፍያ፣ የተጫነውን ኩንታልና የቀረውን ዱቤ በደብተር ይይዛል እንበል። ይህን ደብተር ወደ ስልክ የሚያመጣ፣ በአማርኛ የሚሠራ፣ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚቆጥር፣ ኔትዎርክ ሲጠፋ መረጃ የማያጠፋና ሲመለስ የሚያመሳስል ትንሽ መተግበሪያ ሠርቶ አንድ ነጋዴ በእውነት ለሦስት ወር ቢጠቀምበት ለቃለ መጠይቅ ከአሥር የምስክር ወረቀት ይበልጣል። ኔትዎርክ ሲቋረጥ መረጃን ሳያበላሹ ማቆየት ልምድ ያላቸውን ባለሙያዎችም የሚፈትን ጉዳይ ነው። ኮዱን ጊትሃብ ላይ አስቀምጦ ምን እንደተበላሸና እንዴት እንደተጠገነ በአንድ ገጽ የሚያስረዳ ልጅ፣ ጠያቂው ከየት እንደመጣ ሳይሆን እንዴት እንዳሰበ እንዲጠይቀው ያደርጋል።

መብራትና ኔትዎርክ

ስለ ራያ ወጣትና ስለ ቴክኖሎጂ ሥራ የሚጻፍ ነገር ጦርነቱን ዘሎ ሊያልፍ አይችልም። ቆቦ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ተመለሰች፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው እንደገና ሲቀሰቀስ ደግማ ወደቀች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስ መብራት፣ ስልክና ባንክ ለረጅም ጊዜ ጠፍተው ነበር። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲም ወልዲያ ከተማ በተያዘችበት ወቅት ተዘርፏል፤ ከተጎዱት ንብረቶች መካከል ኮምፒውተሮችና የቤተ ሙከራ ዕቃዎች ይገኙበታል። ኮምፒውተር መንካት በሚገባቸው ዓመታት ኮምፒውተር ያጡ ተማሪዎች ዛሬ ሥራ ፈላጊዎች ናቸው።

ነገሩ በዚያም አላበቃም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ቆቦ በምትገኝበት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተዘጋ፤ በብዙ አካባቢዎችም ለወራት ተዘግቶ ቆየ። በዚያ ጊዜ በኢሜይል የሚላክ ማመልከቻ፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ ፈተናና በቪዲዮ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ሁሉ ለክልሉ ወጣት ዝግ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ቀጣሪ ለምን መልስ እንዳልመጣለት የሚያጣራበት ምክንያት አልነበረውም፤ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

በዚህ ውስጥ ያለፉ ተማሪዎች ያዳበሩት አሠራር አለ። መማሪያ ቪዲዮና የፕሮግራም ቋንቋ መመሪያዎችን ኔትዎርክ ባለበት ቀን አውርዶ በፍላሽ መቀባበል፣ ከባድ ሶፍትዌር ከአንድ ላፕቶፕ ወደ አሥር መገልበጥ፣ ፓወር ባንክ አስሞልቶ ማደር። ለቃለ መጠይቅ ደግሞ ሁለት ሲም ካርድ ይዞ፣ ቀጣሪውን አስቀድሞ «መስመር ቢቋረጥ በመደበኛ ስልክ እንቀጥል» ብሎ ማስታወቅ ነውር የለውም። ብዙ ቀጣሪዎች እንዲያውም የኃላፊነት ምልክት አድርገው ያዩታል።

በነፃ የሚገኙ ሥልጠናዎች በዚህ መካከል መጥተዋል። ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ትብብር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በፕሮግራሚንግ መሠረታውያን፣ በዳታ ትንተናና በአንድሮይድ መተግበሪያ ልማት ላይ በኢንተርኔት ያስተምራል፤ ለጨረሰም የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ስሙ እንደሚለው ዒላማው አምስት ሚሊዮን ሰው ስለሆነ ወረቀቱ ብቻውን ከሌላው አይለይም። ጥሩ ጥቅሙ ኮርሱን ሲጨርሱ በተማሩት አንድ ነገር መሥራት ለሚጀምሩት ነው።

ወደ አዲስ አበባ

ብዙዎች መጨረሻ ላይ መሄዳቸው አይቀርም። ጎሮ ያለው የአይሲቲ ፓርክ፣ እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ ኩባንያዎች፣ እንደ ኢግል ላየንና ሲኔት ያሉ የሶፍትዌር ድርጅቶች፣ የባንኮቹ የቴክኖሎጂ ክፍሎችና የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ሁሉም እዚያው ናቸው። በ2003 ዓ.ም. የተከፈተውን አይስአዲስን የመሰሉ ማዕከላት የሚያሰባስቡትም በአብዛኛው የከተማዋን ወጣት ነው። ኤቱኤስቪ የተባለው፣ የቀድሞ የጉግል መሐንዲስ ኤምሬ ቫሮል የመሠረተው ሥልጠና ተማሪዎችን በችግር ፈቺ ኮዲንግ እያሠለጠነ እንደ ጉግልና ብሉምበርግ ወዳሉ ኩባንያዎች አስገብቷል፤ የጀመረው ግን በአዲስ አበባና በአዳማ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። የወልዲያ ተማሪ ከዚህ ዓይነቱ ሥልጠና የራቀው በችሎታ ማነስ ሳይሆን በቦታ ርቀት ነው።

መሄድ ገንዘብ ያስፈልገዋል። የዘመድ ቤት ያለው ለሁለትና ለሦስት ወር ይጠለላል፤ የሌለው ከጓደኞች ጋር ክፍል ይጋራል። ስለዚህ ሥራ ሳያገኙ ከመሄድ ይልቅ ማመልከቻውን ከቆቦ ጀምሮ ቃለ መጠይቅ ሲገኝ መሄድ ኪስን ያተርፋል። ማስታወቂያዎቹ ኢትዮ ጆብስ፣ ሀሁ ጆብስና አፍሪወርክ ላይ፣ በሪፖርተርና በአዲስ ዘመን ጋዜጦች ላይም ይወጣሉ። ቆቦ ሆኖ ማየት ይቻላል።

«ሰው ከሌለህ አትገባም» የሚለው አባባል ከተመራቂ አፍ አይጠፋም፤ እውነትነትም አለው። ሆኖም «ሰው» ሲባል የግድ ሹም ዘመድ ማለት አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ከዚያው የትምህርት ክፍል ተመርቆ ኩባንያ ውስጥ የገባ ሲኒየርም ሰው ነው። እሱ የማያውቀውን ልጅ አያስቀጥርም፤ የሠራውን ያሳየውን ልጅ ስም ግን ለአለቃው ሊያነሳ ይችላል። «ሰላም ነው? ሥራ አለ?» ብሎ መጻፍና «ይህን ሠርቻለሁ፤ ቢያዩልኝና የጎደለውን ቢነግሩኝ» ብሎ መጻፍ የሚያመጡት መልስ የተለያየ ነው።

ከገጠር ወይም ከትንሽ ከተማ መምጣት ዘግይቶ መጀመር ቢሆንም መንገድ አይዘጋም። የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ 17 ዓመት እስኪሆናት ኮምፒውተር ነክታ እንደማታውቅ ተናግራለች። ሃይብሪድ ዲዛይንስ የተባለውን ኩባንያዋን ስታቋቁምና የታክሲ አገልግሎቱን ስትጀምር ስማርት ስልክ የሌለው ደንበኛ በ8294 ደውሎ እንዲጠራ አደረገች። ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት አገር ያደገ ልጅ ይህን ብልሃት ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም።

ከሩቅ መሥራት፣ ከሩቅ መታለል

ለቆቦ ልጅ ከሁሉ የሚያጓጓው ባለበት ሆኖ ለውጭ ድርጅት መሥራት ነው። ሰዓቱ ይመቻል፤ የኢትዮጵያ ቀን ከአውሮፓ የሥራ ቀን ጋር አብዛኛው ይገጥማል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ትንሽ ሥራም ቤተሰብን የሚያቆም ሆኗል። ግን ጀማሪ ከዓለም ጀማሪ ሁሉ ጋር ይወዳደራል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ቀድሞ ለጀማሪ ይሰጡ የነበሩ ቀላል ሥራዎችን በደቂቃ ይሠራሉ። ስለዚህ የሚፈለገው መሣሪያው የጻፈውን ኮድ አንብቦ ስህተቱን የሚያይ ሰው ነው። ይህ ደግሞ መሠረቱን በደንብ ሳይማሩ አይገኝም። የመጀመሪያ ሥራውን በአገር ውስጥ ይዞ ከዓመት በኋላ ወደ ውጭ መሞከር ለብዙዎች የሚሻል ቅደም ተከተል ነው።

በዚሁ መንገድ የሚመጡ አጭበርባሪዎችም አሉ። «ቪዲዮ ላይክ አድርጉ፣ በቀን ይከፈላችሁ» ብለው ይጀምሩና መጀመሪያ ትንሽ ከፍለው ቀጥሎ «መያዣ አስገቡ» ይላሉ። ሌሎቹ «ለምዝገባ» ወይም «ለዩኒፎርም» በቴሌብር ላኩ የሚሉ ናቸው። በኢትዮጵያ ሕግ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ አይቀበልም። ቅድሚያ ገንዘብ የጠየቀ «ቀጣሪ» ሁሉ መጠርጠር አለበት።

ለራያ ወጣት ደግሞ ከሁሉም የሚከብድ ተፎካካሪ መንገድ አለ፤ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚወስደው። የዚህ አካባቢ ልጆች ይህን መንገድ ለብዙ ዓመታት ሄደውበታል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስም ጉዞው አልቆመም። ከሪያድ ገንዘብ ልኮ ለወላጁ ቤት ያሠራ ጎረቤት ባለበት ሰፈር «ዲግሪህ ምን አመጣልህ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ሥራ መዘግየት የሚለካው በደመወዝ ብቻ ያልሆነውም ለዚህ ነው። ዲግሪ ይዞ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ልጅ ደላላ ሲያገኘው የሚመዝነው ነገር ከሌላው ይለያል።

ገና ያልተለጠፈው ማስታወቂያ

በቆቦና በጊራና ሸለቆ ሥር ብዙ የከርሰ ምድር ውኃ አለ። መንግሥት ለዚሁ ብሎ የቆቦ–ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራምን አቋቁሞ ጥልቅ ጉድጓዶች አስቆፍሯል፤ በጠብታና በርጭት መስኖም ገበሬው ዝናብ ሳይጠብቅ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ፍራፍሬ እንዲያመርት ተሞክሯል። ፓምፖቹ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማሉ፣ ሲበላሹ ጠጋኝ ይጠበቃል፣ የውኃው ተራና ክፍያ መመዝገብ አለበት። በአገር ደረጃ ገበሬው በ8028 ደውሎ የግብርና ምክር በራሱ ቋንቋ እንዲያዳምጥ ያስቻለው አገልግሎት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ መሆኑ፣ ቴክኖሎጂ ማሳ ድረስ ሊወርድ እንደሚችል አሳይቷል።

ፓምፕ ሲቆም ለቴክኒሻኑ በአጭር መልእክት የሚያሳውቅ ርካሽ መሣሪያ፣ ተራ የሚይዝና ክፍያ የሚመዘግብ የስልክ ሥርዓት፣ በስንት ሰዓት ስንት ውኃ እንደተቀዳ የሚያሳይ ሰንጠረዥ፦ እነዚህን አንድ የኤሌክትሪክና አንድ የሶፍትዌር ተመራቂ አብረው ሊሠሯቸው ይችላሉ። ዕቃው አዲስ አበባ መርካቶ ይገኛል፤ ሐሳቡን የሚፈትሽ መምህር ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ችግሩን በዝርዝር የሚያውቁት ደግሞ የመስኖ ተጠቃሚ ገበሬዎቹና የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ናቸው። በጀት ያለው አካል ማን እንደሆነ፣ ለሙከራ አንድ ጉድጓድ የሚሰጥ ኅብረት ሥራ ማኅበር የትኛው እንደሆነ መጠየቅ የሚጀመረው እዚያው ወረዳ ላይ ነው። ለዚህ ሥራ እስካሁን «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ስላልተለጠፈ፣ ማመልከቻው መጠበቅ ሳይሆን የአንድ ገጽ ሐሳብና የተሠራ ናሙና ይዞ ጽሕፈት ቤቱን ማንኳኳት ይሆናል።